ዘጠነኛ ፎቅ የተባለው የብሉዝ ባንድ መሪ የነበሩት የአቶ ሳህሉ ዘውዴ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሳህሉ ዘውዴ ከአባታቸው ከአቶ ዘውዴ በርናባስ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ተሻለች ሃብታሙ በሰኔ ወር 1951 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ፣ ከዚራ በተባለው ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው በባቡር ጣቢያው የመጋዘን ሠራተኛ ነበሩ። በሕፃንነታቸው ደረታቸውን ያማቸው ስለነበር እናታቸው፣ «ትንፋሹን ያጠነክርለት ይሆናል» ብለው ከገበያ ሃርሞኒካ ገዙላቸው። ያን መሣሪያ ከእናታቸው እጅ የተቀበሉበትን ቀን አቶ ሳህሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያወሱት ነበር።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በድሬዳዋ ካጠናቀቁ በኋላ በ1975 ዓ.ም. ወደ ሱዳን ተሰደዱ። በካርቱም አራት ዓመት ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1987 ቶሮንቶ ገቡ። በሴንት ጄምስ ታውን ሰፈር እየኖሩ የቴክኒክ ትምህርት ተከታትለው የሊፍት ጥገና ባለሙያ ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ጡረታ እስኪወጡም በዚሁ ሙያ አገለገሉ። ብሉዝን ያወቁት ከአንድ የሥራ ባልደረባቸው ሬዲዮ ነው። ሌሎች ሰምተው የሚያልፉትን እርሳቸው በምሳ ዕረፍታቸው ደረጃ ሥር ተቀምጠው ድምፅ በድምፅ ተማሩት።

እ.ኤ.አ. በ1992 ከበሮ መቺው አቶ ሊዮ በአንድ ሕንፃ ሊፍት ከነከበሮዎቻቸው ተሳፍረው ሳለ ሊፍቱ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ቆመባቸው። ለጥገና የተጠሩት አቶ ሳህሉ መለዋወጫው እስኪመጣ ሰውየው እንዳይጨነቁ በበሩ ክፍተት ሃርሞኒካ ነፉላቸው፤ ከውስጥም ከበሮ መለሰ። አቶ ሊዮ ይህን ሲተርኩ፣ «እኔ አውጡኝ እላለሁ፣ እርሱ ይነፋል! በሩ ሲከፈት ደግሞ እኔው አልወጣም አልኩ» እያሉ ሰውን ያስቃሉ። አምስት አባላት ያሉት «ዘጠነኛ ፎቅ» የተመሠረተው በዚህ ነው። አቶ ሳህሉ ለሠላሳ ሦስት ዓመታት መሩት። በማክሰኞ ልምምድ ላይ ያረፈደ ሰው በዚያ ቀን ብቻውን የመጫወት ተራ አያገኝም ነበር፤ አንድ ቀን ራሳቸው ሲያረፍዱም ደንቡን በራሳቸው ላይ ፈጽመውታል።

እ.ኤ.አ. በ1994 ከወ/ሮ መሠረት ዓብይ ጋር ጋብቻ ፈጽመው እየሩሳሌምንና ሩሃማን ወልደዋል።

እ.ኤ.አ. በ2008 ባንዱ የመጀመሪያ አልበሙን ለመቅረጽ ስድስት ሳምንት ሲቀረው ወ/ሮ ተሻለች በድሬዳዋ ዐረፉ። አቶ ሳህሉ ሃርሞኒካቸውን ለአንድ ዓመት አስቀመጡ፤ ከእናታቸው እጅ የተቀበሉትን በእናታቸው ሐዘን መንፋት አልሆነላቸውም። ለባልደረቦቻቸውም ሌላ ሰው ፈልገው ሥራውን እንዲቀጥሉ ነገሯቸው። አራቱ ግን ቶሮንቶ ወደሚገኘው ለቅሶ ቤታቸው መጥተው ሦስት ቀን ፍራሽ ላይ ተቀመጡ። አቶ ሊዮም፣ «አለቃ፣ አንተ ሳትኖር የምንቀርጸው ምኑን ነው? ጉልበቴ ግን ይህን ፍራሽ አልለመደም» አሉ። አልበሙን ሊያወጣላቸው የነበረው የሙዚቃ ድርጅት ግን ዓመቱን አልጠበቃቸውም። በኋላ በራሳቸው ጥረት ሁለት አልበሞች ቢያወጡም ያ ዕድል ተመልሶ አልመጣም። አቶ ሳህሉም፣ «በእኔ ሐዘን የአራት ሰው በር ተዘጋ» የሚለውን ጸጸት ከልባቸው አላወጡትም።

እ.ኤ.አ. በ2023 የሳንባ ሕመም አገኛቸው። መንፋት ባቃታቸው ጊዜም ወንበር ላይ ተቀምጠው ባንዱን በእጃቸው ይመሩ ነበር። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውንና ታናሽ ወንድማቸውን በሐዘን ትተዋል።

አቶ ሳህሉ ለባንዱ በእጃቸው ጽፈው የተዉት አንድ ቃል አለ፤ «በእኔ ምክንያት አንድ ቅዳሜ እንኳ ከመድረክ እንዳትቀሩ» ይላል። ባልደረቦቻቸው ይህን በወ/ሮ መሠረት ፊት አነበቡት። አቶ ሊዮም፣ «ሠላሳ ሦስት ዓመት ታዝዤዋለሁ፤ ይህን ግን አልታዘዘውም» ብለው፣ ዘጠነኛ ፎቅ እስከ አርባው ድረስ መድረክ እንደማይወጣ አስታወቁ። አራቱም ዛሬ ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጠዋል።

እስትንፋስን የሰጠ አምላክ፣ ወደ እርሱ የተመለሰችውን የአቶ ሳህሉን እስትንፋስ በምሕረቱ ይቀበል፤ ለቀሩትም መጽናናትን ይስጥ። አሜን።