ያራገፍኩት ፎጣ

ይድረስ በጀርባሽ አዝለሽ ላሳደግሽኝ ለእትዬ። እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? እማዬስ እንዴት ናት፣ ዓይኗን የሚጋርዳት ነገር ለቀቅ አደረጋት? እኔ፣ ሆድሽ አይባባ፣ እንደ አለት ጠንክሬ አለሁ።

እትዬ፣ ወንድምሽ ሐኪም ሆኗል። ጋውን ለብሼ፣ ጓንት አጥልቄ፣ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ ገባ ወጣ ስል ብታዪኝ ከመቀመጫሽ ትነሺልኝ ነበር። እሺ፣ ሐኪም እንኳ አልሆንኩም፤ ጋውኑን የሚያለብሱኝ በሽታ እንዳልይዝ፣ ይዤም እንዳልዞር ነው። ደብዳቤውን ግን በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት። የማታ ትምህርት ልጀምር ነው ስልሽ «አንተ ፊደል ለየህ ማለት በሬ ወለደ ማለት ነው» ብለሽኝ ነበር። በሬው ወልዷል፣ እንኳን ደስ ያለሽ!

ታናሻችን ማሙሽ ሥራ ላይ ሳለ ከፎቅ መወጣጫው ወድቆ እግሩ መሰበሩን በሰው ልኬልሽ ነበር። ቀዶ ጥገናው ሰምሮ፣ ከሆስፒታል ሊወጣ ተቃርቦ ነበር። ያልሰማሽው ከዚያ ወዲህ የሆነውን ነው።

ታውቂኛለሽ፣ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አይሆንልኝም። የሱን ፂም ልላጭለት ከፀጉር ቤቴ ማሽኔን ይዤ ብሄድ፣ አጠገቡ የተኛው ሾፌር «እኛስ የእንጀራ ልጆች ነን?» አለኝ። እሱን ስጨርስ ደግሞ ጥግ ያሉት ጡረተኛ መምህር አገጫቸውን ቀስረው ጠበቁኝ። ክፍሉን በሙሉ አዳረስኩት፣ ያውም በነፃ። እጄ እንደሆነ ቅቤ ነው። ካንዱ አልጋ ወደ ሌላው ስሻገር ፎጣዬን እንደ ጅራፍ ጧ! አድርጌ አራግፋለሁ፤ በሽተኛው ሁሉ ይስቃል። ያችው አንድ ፎጣ፣ ያው አንድ ብሩሽ። ከፀጉር ሌላ የሚራገፍ ነገር አለ ብዬ መቼ አሰብኩ?

መጀመሪያ የሾፌሩ ቁስል መረቀዘ። ቀጥሎ የመምህሩ። ከዚያ ማሙሽን አተኮሰው፤ እግሩ አብጦ ቆዳው እንደ ከበሮ ተወጠረ። ነርሷ፣ ቆፍጣና ሴት ናት፣ ጥጥ የተጠቀለለበት እንጨት ይዛ የአልጋውን ብረት፣ የቧንቧውን እጀታ፣ የመድኃኒት ጠረጴዛውን እየጠረገች ለምርመራ ወሰደች። በመጨረሻ እጇን ወደኔ ዘርግታ «ፎጣውን ወዲህ በል፣ ቀልደኛው» አለችኝ። እኔ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ውጤቱ መጣ። መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ነው አሉ፤ አይታይ፣ አይሸት። በሦስቱ ቁስል ውስጥ ያለው፣ በቧንቧው እጀታ ላይ ያለው፣ በፎጣዬም ላይ ያለው አንድ ዓይነት ነው። «እኔ ነኝ ያዞርኩት?» ብዬ ጠየቅኳት። «ቧንቧውን ሁሉም ሰው ይነካዋል፤ እኛም እንነካዋለን። ማን ከማን እንደወሰደ አናውቅም። አንተ ግን ከእንግዲህ እጅህን ሳትታጠብ አንድም አልጋ አትነካም» አለችኝ። የሰደበኝ የለም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ሦስቱንም ለብቻቸው አስተኝተዋቸዋል። ለማሙሽ አዲስ መርፌ ተጀምሮለታል። መርፌው ካልያዘለት እግሩን ሊቆርጡት ነው፤ ዋናው ሐኪም ቅዳሜ አይተው ይወስናሉ። ዛሬ ጠዋት ግን ነቃ ብሎ፣ ጋውኔን ከላይ እስከ ታች አይቶ «ቀሚስ አማረብህ» እያለ ሳቀብኝ። ስለዚህ እማዬ እንዳትነሳ። የሚያስገቡት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሷ ደግሞ ልጇን አይታ ሳታቅፍ አትመለስም፣ ማቀፍ አይፈቀድም።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ለባልሽ፣ ያን የተዋሰኝን መቀስ አሁንም በግ እንዳይሸልትበት አደራ በይልኝ። መንትዮቹን እያገላበጥሽ ሳሚልኝ፤ አጎታችሁ ከናንተ ቀድሞ ደብዳቤ ጻፈ በያቸው። እህል ውኃ ያገናኘን።

ከሆስፒታሉ ኮሪደር፣ ከእጅ መታጠቢያው ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተጻፈ። ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ።

እትዬ፣ ይችን የመጨረሻዋን ለእማዬ አታንብቢላት። ስለ ቀሚሱ የጻፍኩት በሬ ወለደ ነው። ማሙሽ ከትናንት ወዲህ አልተናገረም። ቀልዱን የተናገርኩት እኔው ነኝ፤ የሚስቅ ከሆነ ብዬ ፊቱን አይ ነበር። የቀረው ሁሉ እውነት ነው። ነርሷ እየጠራችኝ ነው፤ እጄን ታጥቤ ልግባ።