አዲሱን መምህር አለማምጂልኝ

ለታናሽ ወንድሜ፣ ለእናቴ ልጅ፤

እንደምን ሰነበትክ? የእማዬ ጉልበትስ ተሻላት ወይ? እኔን ካልክ ሰውነቴ ደህና ነው፤ አንጀቴ ግን አሮ ከርሟል። ለዶክትሬት ትምህርት ተቀባይነት ማግኘትህን ስሰማ እንኳን ደስ አለህ ልልህ ነበር የተቀመጥኩት፤ እጄ እምቢ አለኝ። መጀመሪያ የእኔን ስማ።

አማካሪዬን ታውቃቸዋለህ፤ ማስተርሴን ስመረቅ እማዬን ጨብጠው ልጅዎ የእኔን ወንበር ትወርሳለች ያሏት ፕሮፌሰር ናቸው። ለካ ለተማሪዎቻቸው ሁሉ ይህንኑ ብለዋል። ወንበሩ አንድ፣ ወራሹ ቤት ሙሉ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው።

አንድ ቀን ስብሰባ መሀል ተነስቼ፣ ከእርስዎ ዘንድ የተመረቁት ዛሬ የት ናቸው ብዬ ጠየቅኳቸው። ጎበዝ ሰው ሥራ አያጣም ብለው አለፉኝ። ጓደኞቼ ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። በኋላ ዶክትሬቴን ስጨርስ ሌላ ቤተ ሙከራ ለሥራ ቢጠራኝ፣ የምመራመርባቸውን የታመሙ ዓሦች ለማን ጥለሽ ትሄጃለሽ፣ ታገሺ፣ የመምህርነቱ ቦታ ሊከፈት ነው አሉኝ። ታገስኩ። ክፍላቸውን አስተማርኩላቸው፤ ፈተናቸውን አረምኩላቸው።

ቦታው ተከፈተና ለቃለ መጠይቅ ገባሁ። እሳቸው ራሳቸው ከፈታኞቹ ጋር ተቀምጠው ምን ቢጠይቁኝ ጥሩ ነው? ለምን ሌላ ቤተ ሙከራ ሠርተሽ አታውቂም አሉኝ፤ ያውም ዓይኔን ሳያዩ። ቦታውን ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ለመጣ ሰው ሰጡት። ይሁን፣ ሰውዬው ጎበዝ ነው፤ በሱ አልተቀየምኩም። ደሜን ያፈላው የማግስቱ ነው። ቢሮ አስጠሩኝና፣ ሥራውን እስኪይዝ አዲሱን መምህር አለማምጂልኝ አሉኝ፤ ፈገግ ብለው። የቤተ ሙከራውን ቁልፍ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

አሁን ውሃ ማሸጊያ ፋብሪካ ገብቼ ውሃ እመረምራለሁ። እሳቸው ሳይንስን ከዳችው እያሉ ያወራሉ አሉ። ከዳተኛዋ እኔ ሆኜ አረፍኩት።

አንተን አትማር አልልህም። ግን ከመፈረምህ በፊት አማካሪህን ፊት ለፊት፣ ተማሪዎችዎ የት ደረሱ በላቸው። ስም ጠርተው ከነገሩህ ግባ። ከሳቁብህ ሻንጣህን አትፍታ።

አዲሱ መምህር ይደውልልኛል። ዓሦቹ መብላት አቆሙ፣ ምን ላድርግ ይለኛል። ሁለተኛ አላነሳም እልና አነሳለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ ወደ ቤት የሄድኩ መስሎኝ እዚያው ቤተ ሙከራው ደረስኩ። አንደኛዋ ዓሣ መብላት ጀምራለች። ይህን ለእማዬ እንዳትነግራት።

እውነቱን የሚነግርህ አስተማሪ ይግጠምህ፤ ድካምህን ለፍሬ ያብቃልህ።

ቁጣዋ ያልበረደላት እህትህ