ያለሰለስሽው ጫማ

ሄቨንዬ፣

ደብዳቤ ትቼልሽ የምሄደው ከሥራ ሳትመለሺ ልውጣ ብዬ ነው። ፊትሽን ካየሁ እቀራለሁ። ዛሬ ከተጓዦቹ ጋር አስኮ ተሰብስበን እናድርና ሲነጋ እንነሳለን።

ሐሙስ ውሃ ስለሚመጣ ጄሪካኖቹን መሙላት እንዳትረሺ። አከራያችን እትዬ አልማዜ የግቢውን በር በጊዜ ስለሚዘጉ አታምሺ። ገብሱን ራሳቸው ቆልተው ነው በሶ ያዘጋጁልኝ፤ አመስግኚልኝ። ፊታቸው ቆሜ ካመሰገንኩ ማልቀሴ ነው።

እስከ ወንጪ አምስት ቀን በእግር! ስመዘገብ ቀላል መስሎኝ ነበር። አሁን ግን የወንጪን ገደል ባሰብኩ ቁጥር ስሜን አሰርዢ አሰርዢ ይለኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ወጨጫ ተራራ ላይ ስንለማመድ፣ ቁልቁለቱ ጋ ስንደርስ እጄን የምትይዢኝ አንቺ ነበርሽ። እዚያ ማን ይይዘኛል?

ደግሞ ተናድጄብሻለሁ። ሳትጠይቂኝ መሄዴን ለጸሎት ቡድናችን ነገርሽ። ያ ሁሉ ሰው እጁን ጭኖ ከጸለየልኝ በኋላ "ፈራሁ" ብዬ እንዴት ልቅር? እነሱ "አትፈራም" እያሉ ሲጸልዩ እኔ አሜን የምለው እየፈራሁ ነበር።

አዲሱን ጫማዬንም እንዳይልጠኝ ብለሽ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንቺ አድርገሽው ሥራ ሄድሽ። "ጥጥ በይው፣ ምንም አያምም" አልሽኝ። እኔም እንዳመነ ሰው ማሰሪያውን አሰርኩ።

ቦርሳዬ ውስጥ ከከተትሽልኝ ፕላስተር ግማሹን አውጥቼ ትራስሽ ላይ አስቀምጬልሻለሁ።
ለቀኝ ተረከዝሽ ነው። እሁድ ካልሲሽን ስታወልቂ አይቼ ነበር።

ጫልቱ