ጋዙ በየዓመቱ ስለሚሞላው አውቶቡሳችን

ለተከበሩ የተሽከርካሪዎች ምርመራና ብቃት ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ሙቀቱን ካልቆጠርነው ደህና ነን። ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ ለምክትሎችዎ፣ ለምክትሎችዎም ምክትሎች፣ እንዲሁም ሦስተኛው መስኮት ላይ ለሚቀመጡትና «ነገ ይምጡ» የሚለውን ቃል በዕድሜዬ ከሰማሁት ሰው ሁሉ አሳምረው ለሚናገሩት ወይዘሮ፣ ሙሉ ጤንነትና ረጅም ዕድሜ ከልብ እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የማወጣው እርስዎን ለማሳፈር አይደለም፤ በፖስታ የላክኋቸው ሁሉ «አልደረሱንም» ስለተባልኩ ብቻ ነው። የሚያሳፍር ነገር ካገኙበት በአጋጣሚ ነው።

ዕድሜዬን የሰው ሱሪ ሳሳጥር የኖርኩ ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ ዳቦ ጋጋሪ ነበረች፤ ነበረች የምለው የዳቦ ቤቱ የጋዝ ምድጃ አንድ ማለዳ ፈንድቶ ከአንገቷ እስከ ጭኗ ስላቃጠላት ነው። ነፍሷ ተረፈች፤ ቆዳዋ ግን ጠባሳ ብቻ ሆነና ማላብ ተወ። እኔና እርስዎ ሲሞቀን ያልበናል፣ ሲያልበን ይቀለናል፤ እሷ ውስጥ የገባ ሙቀት ግን መውጫ የለውም፤ ያዞራታል፣ ያስመልሳታል፣ ከዚያ ትወድቃለች። ሐኪሟ ቀዝቃዛ ቦታ ካልኖረች አንድ ቀን ወድቃ እንደማትነሣ ሳይደብቅ ነግሮኛል። የምጽፍልዎ ስለ ምቾት አለመሆኑን ከወዲሁ ይወቁልኝ።

ስለዚህ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለችውን ቤታችንን ሸጠን አሮጌ አውቶቡስ ገዛን። ሰው የሚጫንበት እንዳይመስልዎ፤ አንድ ጡረታ የወጣ ሹፌር ወንበሮቹን ነቅሎ አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ ማዕድ ቤትና ሰው ገብቶ የማይዞርባት አንዲት መታጠቢያ ክፍል የሠራበት ተንቀሳቃሽ ቤት ነው። የባለቤቴ እህት ደጋ አገር ትኖራለች፤ ቤቷ ለእሷም አይበቃም፣ ግቢዋ ግን አውቶቡስ ያስቆማል። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ በረሃ ያቋርጣል። በሕዝብ መኪና ሞክረን ነበር፤ ገና ከከተማው ሳንወጣ ራሷን ስታ አወረዱን። ያሰብነው ይህን ብቻ ነው፤ የአውቶቡሳችንን ኤሲ ከፍተን፣ በረሃውን አልፈን፣ ደጋ ወጥተን እዚያው እንድንቀር።

አንደኛ፣ ስለ አረንጓዴዎቹ ተለጣፊዎችዎ። ሻጩ መጀመሪያ ያሳየኝ የፊት መስታወቱን ነበር፤ መሥሪያ ቤትዎ የሚሰጠው «የኤሲ ጋዝ ተሞልቷል» የሚል ተለጣፊ ከዳር እስከ ዳር ተደርድሮበታል። «ይህ መኪና አንድም ዓመት ጋዝ ሳይሞላ አልፎ አያውቅም» አለኝ ደረቱን ነፍቶ። እኔም እሰይ፣ እንዲህ ነው እንጂ መንከባከብ ብዬ ተደሰትኩ። ከጎኑ አንዲት ተለጣፊ ያልነካችው ሌላ አውቶቡስ ለሽያጭ ቆሞ ነበር፤ ባለቤቱ ኤሲውን ከገዛበት ቀን ጀምሮ ነክቶት እንደማያውቅ ሲነግረኝ፣ ምን ዓይነቱ ዝርክርክ ሰው ነው ብዬ ጥዬው ሄድኩ። ብቃት ማረጋገጫዎም በዚያኛው ላይ «እንክብካቤ የጎደለው»፣ በእኔኛው ላይ «እጅግ በጣም ጥሩ» ይል ነበር።

ብዙም ሳንቆይ ከኤሲው የሚወጣው አየር ለብ አለ፤ ከእጅ አይሻል ዶማ ሆነ። ወደ ፈታሽዎ ሄጄ ባመለክት፣ ሳቂታ ሰው ናቸውና ከልባቸው ስቀው የኤሲ ጋዝ እንደ ነዳጅ እየነደደ እንደማያልቅ፣ በዝግ ቱቦ ውስጥ ሲዞር እንደሚኖር፣ በየዓመቱ የሚሞላ ከሆነም በየዓመቱ ያፈሳል ማለት እንደሆነ አስረዱኝ። ታዲያ ተለጣፊው የምን ሽልማት ነው ብዬ ብጠይቃቸው፣ ቅጹ የሚጠይቀው «ተሞልቷል ወይስ አልተሞላም» ብቻ እንደሆነ፣ «ያፈሳል ወይ» የሚል ቦታ እንደሌለው ነገሩኝ። ክቡር ሆይ፣ በሽተኛውን ሸልሞ ጤነኛውን የሚወቅስ ሌላ መሥሪያ ቤት ካለ ያሳዩኝ፤ ሄጄ እሱንም አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ አፈታተሻችሁ። አውቶቡሱን ስንገዛ እኔ ፊት የተደረገው ፍተሻ ጎህ ሲቀድ ነበር፤ ሁልጊዜም ጎህ ሲቀድ ነው አሉ፣ ሰልፍ እንዳይበዛ። ፈታሽዎ መዳፋቸውን ከአየር መውጫው ፊት አድርገው ጥቂት ቆዩና «ይበርዳል» ብለው ፈረሙ። አልዋሹም። በዚያ ሰዓት እኔም ይበርደኝ ነበር፣ አጥሩም ቀዝቅዞ ነበር፣ አጥሩ ላይ የተኮራመተችው ድመትም ይበርዳት ነበር፤ የእኛን ግን ማንም አልፈረመልንም።

ሦስተኛ፣ ስለ ፍጥነትዎ። መሥሪያ ቤትዎ ያዘገያል የሚሉትን አልሰማቸውም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ እርስዎም ሳይሰሙ ቀርተው ይሆናል። እኔ ግን ኤሲው እንደማይሠራ በጽሑፍ ባመለከትኩ ማግስት ሁለት ሰዎች መጥተው ሰሌዳዬን ፈትተው ወሰዱት። «ጉድለት እንዳለበት ራስዎ መስክረዋል፤ ጉድለት ያለበት ተሽከርካሪ መንገድ አይወጣም» ተባልኩ። አውቶቡሱም ተጎትቶ እግቢዎ ገባ፤ ዛፍ ከማያውቀው አስፋልት መሀል፣ ግንባሩን ለፀሐይ ሰጥቶ ቆመ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው። ኤሲ ያለው አውቶቡስ መስኮቱ የማይከፈት ድፍን መስታወት መሆኑን እርስዎ ያውቃሉ፤ እኔ የተማርኩት እዚያ ነው። ባለቤቴ ምድጃ ታውቃለች፤ ገብታ ዙሪያውን አየችና የጎደለው ሊጥ ብቻ ነው አለች። ሳቅን። ከዚያ ወዲያ ብዙም አልሳቅንም።

አራተኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ቸግሮኛል፤ ነገሩ እንደተወሳሰበ ክር ነው፣ ይህን ጫፍ ስስበው ያኛው ይጠብቃል። ያፈሳል የተባለው ቱቦ ከአልጋችን ራስጌ በስተጀርባ ነው የሚያልፈው፤ ሹፌሩ ቤት ሲያደርገው አልጋውንና ቁም ሣጥኑን በላዩ ላይ ገጥግጦበታል። ለመጠገን ቤታችንን ማፍረስ ግድ ሆነ። ባለቤቴ አፍርሰው አለች፣ አፈረስኩት፤ አሁን ፍራሻችን ወለል ላይ ነው። ቱቦውን ዝጎ አገኘነው። ቱቦው ቢቀየር እንኳ ኤሲው የሚወስደው አሮጌው ዓይነት ጋዝ ነው፤ እሱ ደግሞ ሰማይ ይጎዳል ተብሎ አሁን ተከልክሏል። ይከልከል፣ አልቃወምም፤ ሰማይም የሚያስብለት አይጣ። አዲሱን ጋዝ ለመጠቀም ጋዙን የሚገፋው ኮምፕሬሰርም ቱቦውም መቀየር አለባቸው፤ ለመቀየር የእርስዎ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃድ የሚሰጠው ፍተሻ ላለፈ ተሽከርካሪ ነው፤ የእኔ ፍተሻ ያላለፈው ኤሲው ስላልተቀየረ ነው። ይህን ሦስተኛው መስኮት ላይ ላሉት ወይዘሮ አንድ በአንድ ሳስረዳቸው በጥሞና ሰሙኝ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ «ልክ ነው» አሉኝ። ልክ በመሆኑ ደስ ብሎኛል።

ቀጥሎ ያለውን ከሁሉ አስቀድሜ መጻፍ ነበረብኝ፤ እጄ እንቢ ብሎኝ ነው።

ከግቢዎ በር ውጭ ሰው ሁሉ «በረዶው» እያለ የሚጠራው ፍሪጅ ጠጋኝ ይውላል። ችግሬን ሰምቶ አዘነልኝ፤ የማብሰያ ጋዝ ቢሞላልኝ ከድሮው አብልጦ እንደሚያቀዘቅዝ፣ ስንቱም በዚሁ እንደሚሠራ፣ ብቻ ሲያፈስ እሳት አጠገብ እንዳይሆን ነገረኝ። የሚያፈሰው ከራስጌያችን ነው። ማዕድ ቤታችን ከፍራሻችን ሦስት እርምጃ አይሞላም። አላመንኩትምና ወደ ፈታሽዎ ተመለስኩ፤ እሳቸውም ቅጹ የጋዙን ዓይነት እንደማይጠይቅ፣ ተሞልቷል ከተባለ ተሞልቷል እንደሚባል፣ ጎህ ሲቀድ ባመጣው ፈርመው ሰሌዳዬን እንደሚያስመልሱልኝ አረጋገጡልኝ። አዩልኝ፣ መውጫ ነበረን ማለት ነው! ሰሌዳ አለ፣ ቅዝቃዜ አለ፣ በረሃው ይታለፋል፣ ደጋው ይደረሳል።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እኔም እሺ አልኩ። በረዶው ሲሊንደሩን ተሸክሞ መጣ። ባለቤቴ ከሩቅ አየችው። አልጮኸችም፤ ከአውቶቡሱ ወርዳ እዚያው በቀትር ፀሐይ አስፋልቱ ላይ ተቀመጠች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይላሉ፤ እሷ ያየችው ልጥ አልነበረም፣ ራሱን እባቡን ነው። ሙቀቱ ቀስ ብሎ ቢገድላት እንደምትመርጥ፣ ከእሳት ጋር ግን ዳግመኛ አንድ ቤት እንደማታድር ነገረችኝ። እኔ «ከደረስን በኋላ እናወጣዋለን» እያልኩ ስለምናት ፊቷ ቀልቶ፣ ከንፈሯ ደርቆ፣ አንዲት የላብ ጠብታ እንኳ ግንባሯ ላይ አልነበረችም። በረዶውን ከነሲሊንደሩ መለስኩት። አለቀስኩም። በጨዋ ደብዳቤ ውስጥ ይህን መጻፍ ነውር ከሆነ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልሻገር፤ የመጣሁትም ለእሱ ነው።

የዚያኑ ዕለት እያዞራት ስለነበር ደግፌ ወደ ቅርቡ ጥላ፣ ወደ መጠበቂያ አዳራሽዎ አስገባኋት። ክቡር ሆይ፣ እንዴት ያለ ቅዝቃዜ ነው! ሠራተኞችዎ ሹራብ ደርበው፣ አንዳንዶቹም አንገት ልብስ ጠምጥመው ነው የሚሠሩት። ባለቤቴ ነጠላዋን አወለቀች፤ ከመተንፈሻው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፤ ግድግዳው ላይ ራሷን አስደግፋ ተኛች። እንዲያ ስትተኛ ካየኋት ስንት ጊዜዬ! ከዚያ ቀን ወዲህ በሩ ሲከፈት ቁጥር ወስደን እንገባለን፣ ሲዘጋ እንወጣለን። ቁጥራችን ሲጠራ ዝም እንላለን። የበሩ ጥበቃ ደግ ልጅ ነው፤ በየማለዳው «እትዬ፣ ዛሬም ጉዳይ አለዎት?» ይላታል፣ እሷም «ጉዳይማ ሞልቶኛል ልጄ» ትለዋለች፣ ያስገባናል። ለሕዝብ አገልግሎት የቆመ መሥሪያ ቤት ስል ከእንግዲህ ትዝ የሚለኝ ያ አግዳሚ ነው።

ሆኖም ባለፈው ሳምንት «ያለ ጉዳይ አዳራሹ ውስጥ መቀመጥ ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ወይዘሮዋም የእኛ ጉዳይ «ባለቤቱ ጉድለቱን ስላላስተካከለ» ተብሎ መዘጋቱን በትሕትና ገለጹልኝ። ደንብዎን አንብቤ ተረዳሁ፤ አንድ ሰው ባለ ጉዳይ ሆኖ የሚቆየው ለዋና ኃላፊው የጻፈው አቤቱታ መልስ እስኪያገኝ ድረስ ነው። ይህ ደብዳቤ እንግዲህ አቤቱታዬ ነው።

ስለዚህ ክቡርነትዎን እጄን አጣምሬ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መልስ አይስጡኝ። ሰሌዳዬን አልጠይቅም፣ ፈቃዱንም፣ ደጋውንም ትቼዋለሁ። ደብዳቤዬን ሌሎቹን ባስቀመጡበት ቦታ ያስቀምጡልኝ። እሺ ከማለትም እምቢ ከማለትም ይቆጠቡልኝ። እርስዎ ዝም ባሉ ቁጥር ባለቤቴ አንድ ቀን ትውላለች፤ መሥሪያ ቤትዎ ደግሞ ዝም ማለትን እንደሚችልበት እኔ ምስክር ነኝ።

ከማይለካ አክብሮትና ከብዙ ላብ ጋር (ላቡ የእኔ ብቻ ነው)፣
ለሥልጣንዎ ዕድሜ፣ ለመዝገብ ቤትዎ እንቅልፍ እየተመኘሁ፣

ሱሪ አሳጣሪው ልብስ ሰፊ፣
ከግቢዎ፣ ሰሌዳ ከሌለው አውቶቡስ።

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ አጥፌ ሳልጨርስ ጥበቃው በሩ ላይ አዲስ ማስታወቂያ ለጠፈ። «ሙቀቱ እየበረታ በመሄዱ፣ የሠራተኞቻችንን ጤና ለመጠበቅ ሲባል፣ ከነገ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ መሥሪያ ቤቱ ዝግ ይሆናል» ይላል። ሙቀት ሰው እንደሚጎዳ በማኅተም ስላረጋገጡልን እጅግ አድርገን እናመሰግናለን። ባለቤቴ መነጽሯን አውቶቡሱ ውስጥ ስለተወች ምን እንደሚል ጠይቃኝ ነበር፤ ገና አልነገርኳትም።