በሶዳ ያጠብኳት ፕላስቲክ

ሐዳይቅ አል-መዓዲ፣ ጥር 26 ቀን 2003 ዓ.ም.

ውድ ዕፀገነት፣

ከሦስት ቀን ብርቱ ፍለጋ በኋላ የግራ እግር ነጠላ ጫማዬ ከፍሪጁ ሥር በሰላም መገኘቷን በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ። ለተጨነቃችሁልኝ ሁሉ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

ሳቅሽ? እንግዲያው ሳቅሽን ሳትጨርሺ ልናገር፤ የመመረቂያ ሥራሽን፣ እኔ ቤት የተውሻትን አረንጓዴ ፕላስቲክ፣ አጠብኳት። በልብስ ማጠቢያ ሶዳ። ሻጋታ መስሎኝ እኮ ነው! አይን ሻምስ አክስትሽ አስቴር ቤት በሰልፉ መንገድ ተዘግቶብሽ መቅረትሽን ሳስብ ላመጣልሽ ተነሣሁ። ንጹሕ ሆና ትድረስ ብዬ ብፈትጋት ሰማያዊ ሆና አረፈችው።

እሷን፣ ባትሪውን፣ ሽቦዎቹንና የምስር ፍሬ የምታህለውን መብራት በፌስታል ይዤ ወጣሁ። ሜትሮው ጋ ሳልደርስ፣ ፖሊስ ከጠፋ ወዲህ ዱላ ይዘው ሰፈር የሚጠብቁት ሰዎች አስቆሙኝ። አለቃቸው ሥጋ ሻጩ ሐምዲ ነው።

"ሽቦ! ባትሪ! ሐበሻው ሰላይ ነው!" አለ አንዱ። ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ ስለ ውጭ አገር ሰላዮች ሲለፍፍ ነው የዋለው። ለወታደሮቹ እንስጠው ተባባሉ። የስደተኛ ካርዴ ጊዜው ካለፈ አራት ወሩ ነው። ልጄ፣ አገር ቤት ወደ ሸሸሁት እስር ቤት ቢመልሱኝስ?

"ያ ሐጅ፣ ምንድን ነው ይሄ?" አለኝ ሐምዲ፣ ሽበቴን አክብሮ።

"የልጄ ልጅ የትምህርት ሥራ። ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ፕላስቲክ።"

"ትቀልዳለህ? ሽቦ በፕላስቲክ የሚሸፈነው እንዳይዘን አይደል እንዴ!"

ያስተማርሽኝን ሁሉ ዘረገፍኩት። ውስጡ ረጅም ሰንሰለት ነው፤ አተሞቹ አንዴ በአንድ እጅ፣ አንዴ በሁለት እጅ እየተፈራረቁ ተያይዘዋል፤ አሲድ ሲነካው መንገድ ይከፈትና ኤሌክትሪኩ ይሮጣል። የተበላሸ ሥጋ የሚያወጣው ሽታ ደግሞ መንገዱን ይዘጋዋል፤ ስለዚህ ማሸጊያ ላይ ቢለጠፍ ሥጋው መበላሸቱን ይናገራል አልኳቸው።

"የኔን ሥጋ ነው?" አለ ሐምዲ፣ ዱላውን ወደ ቀኝ እጁ እያዛወረ።

ምነው ምላሴን በቆረጠው!

"በል አብራና አሳየን።" ሽቦውን አገናኘሁ። ምንም የለም። ሁለተኛ ሞከርኩ። ምንም። አንዱ ክንዴን ጨበጠኝ። ያኔ ነው የገባኝ፤ ሶዳ አሲዱን ገድሎታል፣ መንገዱን የዘጋሁት እኔው ነኝ።

"ኮምጣጤ!" ብዬ ጮህኩ። ያበድኩ መሰላቸው። ሩዝና ምስሩ ላይ ኮምጣጤ ከሚጨምረው ከኮሸሪ ሻጩ ጠርሙስ መጣ። ነከርኳት። ቀስ እያለች አረንጓዴ ሆነች። ሽቦውን ባስነካት መብራቷ ቦግ አለች፤ መንገዱ በሙሉ አጨበጨበ! "ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ ያ ሐጅ፣ ቤትህ ግባ" አለኝ ሐምዲ።

ገባሁ። በር በተንኳኳ ቁጥር ግን አሁንም ልቤ ይሸሻል። ስልክ ላይ ሐበሻ ለሐበሻ ስናወራ ቢሰሙንስ ብዬ ነው የጻፍኩልሽ፤ ጎረቤቴ ተሰማ ያደርስልሻል። እስኪረጋጋ እንዳትመጪ። እኔም አልወጣም፤ ፕላስቲክሽንም ዳግመኛ አላጥብም።

አያትሽ ጉግሳ

ከፊርማዬ በታች ልናዘዝ፤ አንዱን ነገር ፈጥሬዋለሁ። አረንጓዴ መሆኗ እውነት ነው፤ መብራቷ ግን አልበራችም፣ ያጨበጨበም የለም። ኮምጣጤው አቅም አነሰው መሰለኝ። ፀሐዩ ነው ብርሃኗን የሚሸፍነው ብዬ በመዳፎቼ ከለልኳት፤ ሐምዲ አጎንብሶ በጣቶቼ መሐል አየ። ጨለማ ነበር። ቀና ብሎ ደግሞ ፊቴን አየ። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞረና "በርታለች" አላቸው።