አሰልጣኙ ሲጠማው

ይድረስ ለምወድህ ወንድም ጋሼ፣

እንዴት ከርመሃል? ዓይንህስ? የብየዳው እሳት ያስለቅሰኛል ስትል ነበር፣ ተሻለህ ወይስ አሁንም መነጽሩን ግንባርህ ላይ ሰቅለህ ነው የምትሠራው? ሚስትህስ፣ ወገቧን እንዴት አደረጋት? ድንቡሼስ ጥርስ አወጣ ወይስ አሁንም በድዱ ነው ሰው የሚነክሰው? ድልድዩስ ቆመ? እኔ ከጉልበቴና ከጭንቅላቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴ ጅማቱ ተበጥሷል፣ ጭንቅላቴ ደግሞ በንዴት ይጤሳል። ደብዳቤ ጽፌልህ ስለማላውቅ ደንግጠህ ይሆናል። አይዞህ፣ ማንም አልሞተም። ይህን ወረቀት ሲሚንቶ ለሚያመላልሰው ሹፌር የሰጠሁት ከነዚያ ሰዎች ቀድሞ እጅህ እንዲገባ ነው። እነማን እንደሆኑ አሁን ትሰማለህ። ቁጭ ብለህ አንብብ፣ ቆመህ ካነበብከው የያዝከውን ነገር ትወረውራለህ።

የቡድናችንን ወጌሻ እትዬ በረዶ ነው የምንላት፣ የበረዶ ሳጥኗን እንደ ልጅ አቅፋ ስለምትዞር። ሜዳ ላይ ሰው ሲወድቅ ዳኛው ሲፈቅድላት ትሮጣለች፣ ነካ ነካ አድርጋ ታያለች። ትቀጥል ካለች አውራ ጣቷን ታነሳለች። አትቀጥልም ካለች ሁለት እጇን ደረቷ ላይ ታጣምራለች። ድንቡሼ እንኳን የሚገባው ምልክት ነው። አሰልጣኙ ግን አንድ በሽታ አለበት፣ እሷ እጇን ልታጣምር ስትል ይጠማዋል። ጀርባውን ያዞርና ወንበሩ ሥር ጎንበስ ብሎ የውሃ ጠርሙስ ይፈልጋል። ጠጥቶ እስኪጨርስ ጨዋታው ይቀጥላል፣ የወደቀችውም እያነከሰች ትሮጣለች። እኛም መልበሻ ክፍል ውስጥ መቀለጃ አደረግነው። «ዛሬ ማን ትሰበር ይሆን? ሰውዬው ቁርሱ ላይ ጨው አብዝቷል» እንባባል ነበር። ምን ያህል ጅል እንደነበርን እይልኝ። እኛ የሚጠማው መስሎን እንስቃለን፣ እሱ ለካ ያላየ ሰው አይጠየቅም ብሎ ነው።

የኔ ተራ ሲደርስ እንዲህ ሆነ። ኳስ ይዤ በመስመር ስገባ አንዷ ግንድ የምታክል ተከላካይ እግሯን ሰደደችብኝ። ጉልበቴ ውስጥ ቀጭ አለ። እትዬ በረዶ መጣችና በሁለት እጇ ይዛ ሳብ ስታደርገው ፊቷ ልውጥ አለ። «ልጄ፣ ዛሬ በቃሽ» አለችኝ። ብድግ ብላ እጇን አጣመረች። ሰውዬው ጠማው። ጠጥቶ አፉን ጠረገና ወደኔ ዞሮ «ምን ተጋድመሽ ታዛጊያለሽ? ግቢ!» አለኝ። እሷ ማሊያዬን ጨምድዳ ይዛ «አትገባም!» ትላለች። እሱ ደግሞ «ልቀቂያት፣ አንቺ ፋሻሽን ጠቅልይ» አላት። የወንበሩ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ገባሁ፣ አሰልጣኝ ነዋ! ትንሽ ሮጥኩና ኳስ ልመታ ስዞር እግሬ አብሮኝ አልዞረም። በቃሬዛ ወጣሁ። ሐኪሙ ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅሎ አየና ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል፣ ከዘገየ ግን ኳሱን እርሺው አለኝ።

እዚህ ድረስ ኳስ ነው፣ ኳስ ሰው ይሰብራል፣ አላማርርም። የሚያንገሸግሸኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ክለቡ ለኛ ለተጫዋቾች የገባልን ኢንሹራንስ አለ። ኢንሹራንሱ ግን ወጌሻዋ የከለከለቻትን ተጫዋች አሰልጣኙ ካስገባ አልከፍልም፣ ክለቡ ራሱ ይቻለው ይላል። ወጌሻዋ ተሳስታ ግቢ ብላኝ ከሆነ ግን ያሳክመኛል፣ ከዚያ ዞሮ ወጌሻዋን ካሳ ይጠይቃል። ገባህ? ስለዚህ ክለቡ እትዬ በረዶ ያላለችውን እንድትል ፈለገ። ማሊያዬን ይዛ የጮኸችው ሴትዮ «ግቢ» ብላ ነበር እንዲባል!

ገና ምኑን ሰምተህ! እትዬ በረዶ በየጊዜው የራሴን የሙያ ኢንሹራንስ ልግባ፣ ደብዳቤ ጻፉልኝ ስትላቸው ሥራ አስኪያጁ «ምን በወጣሽ! አንቺ እኮ በክለቡ ጥላ ሥር ነሽ» እያለ ይመልሳታል። ለካ ኢንሹራንሱ ጋ ስትመዘገብ ወጌሻ አይደለችም፣ ማሊያ አጣቢ ናት። ወጌሻ ተብላ ብትገባ ክለቡ የሚከፍለው ስለሚጨምር አጣቢ አደረጓት። ስለዚህ ማሊያ ስታጥብ ውሃ ቢያንሸራትታት ኢንሹራንሱ አለላት፣ ሰው አክማ ብትከሰስ ግን አያውቃትም። ጥላ ሥር ነሽ ያላት ሰውዬ ይኸው ፀሐይ ላይ አሰጣት። የሙያ ፈቃዷ ይነጠቃል፣ ካሳ ክፈይ ትባላለች፣ ልጆቿን ይዛ የት እንደምትገባ አንድዬ ይወቅ። እኔ ይህን ስሰማ ቋቅ ነው ያለኝ።

ሥራ አስኪያጁ አክስቴ ቤት ድረስ መጣ። ሙዝ ይዞ! ክለቡ ውስጥ ስንት ጊዜ አጠገቡ አልፌ ሰላምታዬን ውጦ የሚሄድ ሰውዬ «ልጄ» አለኝ። ሶፋው ጫፍ ላይ ልብሱ እንዳይቆሽሽ ቂጢጥ ብሎ፣ «አንድ ቃል ብቻ ነው የሚፈለገው። ወጌሻዋ ነች ግቢ ያለችኝ በይ። በሳምንቱ ቀዶ ሕክምና ትገቢያለሽ፣ ቦታሽም ይጠብቅሻል» ይላል። «ያላለችውን?» አልኩት። «አንቺ ትምህርት ያቋረጥሽ ልጅ፣ የሕግ ነገር አይገባሽም» አለኝ። «ሕጉ ባይገባኝም ጉልበቱ የኔ ነው፣ ማን እንደሰበረውም አውቃለሁ» አልኩት። አክስቴ መሐል ገብታ «አንቺ! ትልቅ ሰው ሲያናግርሽ አርፈሽ ቁጭ በይ!» ብላ ጮኸችብኝ። «ቁጭ ብያለሁ እኮ አክስቴ፣ መነሳት መች ቻልኩና» አልኳት። ሰውዬው ሳቀ። አሳሳቁ ራሱ ዘይት ዘይት ይላል። ሲሄድ አክስቴ ሙዙን ላጥ አድርጋ ሰጠችኝ፣ አልበላሁም። ታውቀኛለህ፣ ሙዝ እንደምወድ። አልበላሁም።

በማግስቱ እትዬ በረዶ መጣች። ከሥራ አግደዋታል፣ ግን ሳጥኗን እንደያዘች ነው። ጉልበቴ ላይ በረዶ አስራ ጭኔን እንዴት እንደማንቀሳቅስ ስታሳየኝ ስለ ክሱ ትንፍሽ አላለችም። መጨረሻ ላይ ንድድ አለኝና «አትሰድቢያቸውም እንዴ?» አልኳት። «ስሰድብ ነው ያደርኩት፣ አሁን ደክሞኛል» አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ስሚኝ፣ ስለ እኔ ብለሽ እግርሽን እንዳታጪ። በይ ያሉሽን በያቸው። እኔ ፋሻዬን ይዤ የትም እኖራለሁ፣ አንቺ ግን ሌላ ጉልበት የለሽም» አለችኝ። ወንድም ጋሼ፣ እዚያው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ። ዋሽተሽ አጥፊኝ እያለች በረዶ የምታስርልኝን ሴትዮ እንዴት አድርጌ ነው የምከሳት? ንገረኝ እስቲ።

ከዚያ የኢንሹራንሱ ሰውዬ መጣ፣ ክለቡ ቢሮ ሰበሰቡን። ዋንጫዎቹ መስታወት ውስጥ አቧራ ለብሰው፣ የፕላስቲክ ወንበር ግድግዳ ጥግ ተደርድሮ፣ ጠረጴዛው ላይ ብስኩት በሳህን። ሥራ አስኪያጁ፣ አሰልጣኙ፣ የቡድኑ አምበል፣ እትዬ በረዶና እኔ በክራንቼ። የኢንሹራንሱ ሰውዬ ቀጭን ነው፣ ትሁት ነው፣ የድምፅ መቅጃውን አስቀምጦ ጉሮሮውን ጠረገና «በክለቡ የተመዘገበ ወጌሻ የለም» ብሎ ጀመረ። «ታዲያ እኔን ማን አሸኝ? ልብስ ማጠቢያው?» አልኩ። ሥራ አስኪያጁ አሳለው። አሰልጣኙ ሲጠየቅ ፊቱን በጨው አጥቦ «እኔ ምልክት አላየሁም፣ ውሃ እየጠጣሁ ነበር። ወጌሻዋ ፈቅዳላት ነው የገባችው» አለ። እትዬ በረዶ ወለሉን ታያለች። ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። ሥራ አስኪያጁ ብስኩቱን ወደኔ ገፋ አደረገልኝ።

ደሜ ፈላ። «ይቅርታ ጋሼ» አልኩት የኢንሹራንሱን ሰውዬ፣ «አሰልጣኛችን ውሃ የሚጠማው ሰው ሲሰበር ነው። ሌላ ጊዜ እንደ ግመል ነው፣ ሙሉ ልምምድ ፀሐይ ላይ ቆሞ ጠብታ አይቀምስም። እትዬ በረዶ እጇን ስታጣምር ግን ጉሮሮው ይደርቃል። ከልክላኛለች፣ ማሊያዬን ይዛ ጮኻለች፣ ግቢ ያለኝ እሱ ነው።» ይህን ስል አምበላችን ፍርፍር ብላ ሳቀች። እጇን አፏ ላይ ብትከድንም አልቻለችም፣ በአፍንጫዋ ሁሉ ወጣ። የኢንሹራንሱ ሰውዬ «ምን አሳቀሽ?» አላት። እሷ ወደ አሰልጣኙ አየች፣ ወደኔ አየች፣ ሳቋ እዚያው ፊቷ ላይ ደረቀ። «እውነቷን ነው» አለች ቀስ ብላ። «እኛ እንደ ቀልድ ነበር የምናየው። የኔ ቁርጭምጭሚት ጊዜም ጠምቶት ነበር።» አሰልጣኙ «ውሸታም ሁላ!» ብሎ ብድግ አለ። መቅጃው ግን እየሠራ ነበር።

አለቀ አልኩ በሆዴ። አላለቀም። የኢንሹራንሱ ሰውዬ ቦርሳውን እየዘጋ ዕድሜዬን ጠየቀኝ። ስነግረው ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ለአካለ መጠን ስላልደረስኩ ያልኩት ብቻውን አይበቃም፣ አባባ ካለፈ ወዲህ ሞግዚቴ አንተ ስለሆንክ ቃሌን አጽንተህ መፈረም አለብህ። ክለብ ስገባም የፈረምክልኝ አንተ ነህ፣ ስምህ እዚያ አለ። ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። «ወንድሟ አስተዋይ ሰው ነው፣ እኔ አነጋግረዋለሁ» አለ። እንዴት እንደሚያነጋግርህ አሁን ልንገርህ። ካምፕህ ቢሮ ይደውላል። «ወንድሜ» ይልሃል። እህትህ ልጅ ናት፣ ተናዳ ያልሆነ ነገር ተናገረች፣ ያለችውን በስህተት ነው ብለህ ፈርም፣ እግሯ ወዲያው ይታከማል ይልሃል። ወረቀቱን በመኪና ይልክልሃል። ወንድም ጋሼ፣ አውቅሃለሁ። እግሯ ይዳን እንጂ ሌላው ገደል ይግባ ብለህ፣ ለኔ አስበህ ልትፈርም ትችላለህ። የምጽፍልህም ይህን ስለምፈራ ነው።

አንተ በያጅ ነህ አይደል? ብረቱ ተሰንጥቋል፣ መኪና አይለፍበት ብለህ ጮኸህ፣ አለቃህ ዞር ብሎ ውሃ ጠጥቶ መኪናውን ቢያሳልፍና ድልድዩ ቢወድቅ፣ በኋላ አንተን ዘበኛ ነው፣ ብየዳ አያውቅም፣ እሱ ነው እለፉ ያለው ቢሉህ ምን ይሰማሃል? የሞተው ሰው ወንድም ደግሞ ቶሎ ካሳ ላግኝ ብሎ አዎ እሱ ነው ብሎ ቢፈርምብህስ? እኔ እትዬ በረዶ ላይ እንዲፈረም የማልፈልገው ለዚህ ነው።

ካልፈረምክላቸው የሚመጣውን አውቃለሁ። ኢንሹራንሱ አይከፍልም፣ ክለቡን በሕግ መጠየቅ ይኖርብናል፣ ያ ደግሞ ይጓተታል፣ ጉልበቴ ምናልባት ለኳስ አይደርስም። ሐኪሙ ያለውን አልረሳሁም። አልዋሽህም፣ መሮጥ እወዳለሁ። ግን እትዬ በረዶን ቀብሬ የዳነ እግር ይዤ በእነዚያ ሰዎች ሜዳ ላይ እንድሮጥላቸው አንተም አትፈልግም። አሰልጣኙ ደግሞ አሁንም ይጠማዋል እኮ! ቡድኑ ያለ ወጌሻ ነው የሚጫወተው፣ ሰው ሲወድቅ ራሱ ሄዶ ውሃ ይረጭበታል አሉ። የቀጣይዋን ማሊያ ማን ይይዝላታል?

እባክህ ወረቀቱ ሲመጣ ሳትፈርም በመጣበት መኪና መልሰው። በራስህ እጅ ደግሞ «እህቴ ያለችው የኔም ቃል ነው» ብለህ ጻፍና ፈርመህ ለዚሁ ሹፌር ስጠው፣ ለኢንሹራንሱ ሰውዬ እኔው አደርሳለሁ። ሥራ አስኪያጁ ሲደውል ብዙ አትከራከር፣ አፉ ጤፍ ይቆላል፣ ያሸንፍሃል። ትምህርትሽን ለምን ተውሽ እያልክ ስንት ጊዜ ጆሮዬ ላይ ስልክ ዘግተሃል። አንዴ ደግሞ ለኔ ብለህ በሱ ላይ ዝጋበት።

ሚስትህን ሰላም በልልኝ፣ ወገቧን ባንድ ጎን ተኝታ ታሳርፈው በላት። ድንቡሼን ጉንጩን ንከስልኝ፣ ተራው የሱ ነው። አማትህን ሰላም በልልኝ፣ የላኩልኝ ሹራብ እጁ ረዝሞ ክራንች ሲይዙበት ልክ ሆኗል በላቸው። የክፍል ጎረቤትህን ያንን አኩራፊ ሰውዬም ሰላም በልልኝ፣ ይስቅ እንደሆነ። አክስቴ ሰላም ብላሃለች፣ ፈርምላቸው በለው ብላኛለች፣ እኔ ግን ሰላምታዋን ብቻ ነው የጻፍኩት። እትዬ በረዶ ይህን መጻፌን አታውቅም።

እህትህ

አክስቴ ቤት፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው አልጋ ላይ
ጥቅምት 12፣ ሐሙስ ጠዋት