ጠዋት፣ ከቁርስ ጋር

ጥር 14፣ ረቡዕ

ኪዳን አድርሼ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወረድሁ። ፈረንሳይ ሰፈር ስደርስ ባለሱቆቹ ገና በራቸውን ይከፍቱ ነበር። ስወጣ ዳገቱ ላይ ሁለቴ ማረፌ አላስደሰተኝም። ዱሮ ያንን ዳገት እያዜምሁ ነበር የምወጣው…

ረቡዕ ነውና ቁርስ የለም። ቁርስ ከሌለ ክኒንም የለም። ዶክተር ሰዳም የደም ካንሰር እንዳለብኝ በነገረኝ ዕለት ያዘዘኝ ቃል ይህ ነው፦ «ጠዋት፣ ከቁርስ ጋር፣ በብዙ ውሃ። በባዶ ሆድ እንዳይወስዱ።» ቃሉን እንደ ጾመ ድጓ በቃሌ ይዤዋለሁ። እኔ በተማርሁበት ጉባኤ ከመምህር ቃል ላይ የጨመረም የቀነሰም ተማሪ ከደጅ ይቆም ነበር። መምህሩን «ለምን?» የሚል ደግሞ ከነጭራሹ አልነበረም። እንዲህ ተኮትኩተን አደግን፤ ምን ጎደለብን?

የጾም ቀን ክኒን በብስኩት ቆርቆሮ ይቀመጣል። አደራ ነው፤ አይጣልም።

ጥር 18፣ እሑድ

አምለሰት መጣች። ላምበረት ቤት ከተከራየች ወዲህ ልጄን የማያት እሑድ እሑድ ብቻ ነው። ቁርስ አብረን በላን። ክኒኔን እያየችኝ ዋጥሁ።

የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪ ናት። የምታጠናው በሴል ውስጥ መልእክት የሚያቀብሉ ኢንዛይሞችን ነው፤ እነርሱ ሲሳሳቱ ካንሰር እንዴት እንደሚነሣ። ይህን የጀመረችው እኔ ከመታመሜ በፊት ነበር። ወዳጄ ገላው «እግዜር ቀድሞ ነው ያዘጋጀልህ» ይላል። ይሆናል።

«አባዬ፣ ስለ ሥራዬ አንድ ቀን እንኳ ጠይቀውኝ አያውቁም።»

«የማላውቀውን ምን ብዬ እጠይቃለሁ?»

«ሰው የሚጠይቀው የማያውቀውን አይደል እንዴ!»

የዳቦውን ፍርፋሪ ጠረግሁ። እርሷ ግን ቀጠለች። ሴል እንደ ማሕሌት ነው አለች። ከበሮ መቺው መሪው ሲያመለክተው ይመታል፤ ሲያመለክተው ያቆማል። «በእርስዎ ደም ውስጥ ያለው ኢንዛይም ግን ማንም ሳያመለክተው የሚመታ ነው። ሴሉ ደግሞ ከበሮውን በሰማ ቁጥር ይባዛል። ክኒኑ የመቺውን እጅ ይይዘዋል። ከለቀቀው መልሶ ይመታል።»

ማሕሌት እየሰማች ያደገች ልጅ! ደስ አለኝ። አልነገርኋትም።

ጥር 27፣ ማክሰኞ

ሐኪም ቤት። በደሜ ውስጥ ያለው የበሽታው መጠን ከፍ ብሏል። የነቢያት ጾም ከመግባቱ በፊት ወርዶ ነበር…

ዶክተር ሰዳም ኮምፒውተሩን ትቶ ወደ እኔ ዞረ። «አባቴ፣ መድኃኒቱን ያቋርጡታል እንዴ?»

«ያዘዝኸኝን ቃል አንድም ቀን አልተላለፍሁም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ልጄ፣ እኔ አልዋሽም።»

አፍሮ አቀረቀረ። እንግዲያው ኢንዛይሙ ቅርፁን ለውጦ ይሆናል አለ፤ ክኒኑ እጁን መያዝ አቅቶታል ማለት ነው። ሌላ መድኃኒት አለ፤ እዚህ ግን እንደልብ አይገኝም። ሳይያዝ ከቆየ ሕመሙ ወደ ኃይለኛው ዓይነት ይዞራል። «እዚያ ከደረሰ ማዳኑ ይከብደናል» አለኝ። በግልጽ መናገሩን ወደድሁለት።

በዚህ ዘመን ቅርፁን የማይለውጥ ምን አለ? ኢንዛይሙም ከሰው ተማረ።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

አምለሰት ለላቦራቶሪዋ ከደሜ ጥቂት ጠየቀች። ቅርፁን የለወጠ ኢንዛይም ለይቶ ማግኘት የጥናቷ ዋና ነገር ነው። ዶክተሩ ተስማማ፤ የቀረው የእኔ ፈቃድ ነበር።

«ስሜን ትጽፊበታለሽ?»

«የለም፤ ቁጥር ብቻ ነው።»

«ስም የሌለው ደም የማን ይባላል?»

«የእግዚአብሔር» አለች ፈጠን ብላ።

ሳቄን ዋጥ አድርጌ ፈቀድሁ። ነርሷ መርፌውን ስትሰካ አምለሰት ፊቷን አዞረች። ሌት ተቀን ደም የምታይ ልጅ!

የካቲት 16፣ እሑድ

የኪዳነ ምሕረት ንግሥ። ማሕሌት ቆምን… ቆሙ ብል ይሻላል። እኔ በወረቡ መሐል መቋሚያዬን ተመርኩዤ ቀረሁ። ገላው አጠገቤ ነበር።

«መሪጌታ፣ መቋሚያውን አንተ ነህ የያዝኸው ወይስ እሱ ነው አንተን የያዘህ?»

«ዝም ብለህ አዚም!»

መሪው ሲያመለክት ከበሮው ቀጥ አለ። ስንት ዘመን ስሰማው ኖሬ፣ የማቆሙን ውበት ያስተዋልሁት ዛሬ ነው።

ነገ ሁዳዴ ይገባል። ከበሮም ያርፋል።

የካቲት 17፣ ሰኞ

ጾሙ ገባ። ክኒኑ ወደ ቆርቆሮው። እስከ ፋሲካ ድረስ ቁርስ ያለው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው።

መጋቢት 7፣ እሑድ

አምለሰት ስትገባ ፊቷ ልክ አልነበረም። ሻይ ቀዳሁላት። አልነካችውም።

«አባዬ፣ የደምዎ ውጤት ደረሰ። ኢንዛይሙ ምንም አልተለወጠም። ደጋግሜ አየሁት። መድኃኒቱን ብልቃጥ ውስጥ ስጨምርበት ጸጥ ይላል። እንዲያውም እንዲህ የሚታዘዝ አይቼ አላውቅም።»

«ታዲያ በሽታው ለምን ይጨምራል?»

«እኔም እሱ ነው ያልገባኝ…» ጣቶቿን አሻሸች። «ክኒኑን… በትክክል ይወስዱታል አይደል?»

«አንቺም?»

«መጠየቄ ነው እንጂ…»

«ይህን ሁሉ ዘመን የተማርሽው አባትሽን ውሸታም ለማለት ነው?»

ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ሻይዋ እስኪቀዘቅዝ ተመለከትሁት። ልክ ነበርሁ።

ልክ ነበርሁ?

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

አልደወለችም። እኔም።

የኪዳነ ምሕረትን ዳገት እኩሌታው ላይ ደርሼ ተመለስሁ። በሩቁ ተሳለምሁ።

መጋቢት 14፣ እሑድ

መጣች፤ ብቻዋን አልነበረችም። ጠይባ የምትባል የላቦራቶሪ ባልደረባዋን ይዛ ነው። ለሽማግሌ እንደሚገባ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ። ሥርዓት ያላት ልጅ ናት። ረመዳን ስለሆነ ውሃም አልቀመሰችም፤ እንግዳ በባዶ አፏ ተቀምጣ እኔ ቁርስ መብላቴ አሳፈረኝ።

«ይብሉ እንጂ አባባ፤ እኔ ለምጄዋለሁ» አለች።

በልቼ ክኒኔን ዋጥሁ። ጠይባ ትመለከተኝ ነበር።

«አባባ፣ ነገስ መቼ ነው የሚወስዱት?»

«ነገ ሰኞ ነው።»

«አዎ፤ መቼ ይወስዳሉ?»

«በጾም ቁርስ የለም። ከቁርስ ጋር ነው የታዘዝሁት።»

አምለሰት ቀስ ብላ፣ «ረቡዕና ዓርብስ?» አለች። ያው ነው አልሁ። «በነቢያት ጾምስ?» ያው። «በፍልሰታ?» ነገሩ ግልጽ አልነበረምን? ተነሥቼ የብስኩት ቆርቆሮውን አመጣሁና ጠረጴዛው ላይ ከፈትሁት። አንዲት እንኳ አለመጣሌን ያዩ ዘንድ ነበር።

አምለሰት ወደ ቆርቆሮው አየች። ሳቀች። ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ወር ሙሉ ኢንዛይሙን ስከስሰው! ምስኪኑ ምንም አላጠፋም። ያጠፋው…» አቆመች።

«ጨርሺው።»

«ታዛዥነትዎ ነው አባዬ።»

ጠይባ በመሐል ገባች። «እናቴ የግፊት ክኒኗን የምትወስደው ጠዋት ነው። ረመዳን ሲገባ ወደ ማታ አዞርነው፤ ከኢፍጣር በኋላ።»

«የሐኪም ቃል ማን ይለውጣል?»

«ጠየቅነው እኮ አባባ። ጠየቅነው።»

ከሄዱ በኋላ ቆርቆሮውን ሳልከድን ብዙ ተቀመጥሁ። ቤተ ክርስቲያን ከበሮዋን ባሳረፈችበት ወራት፣ እኔ በደሜ ውስጥ ያለውን መቺ እጁን ለቅቄ ሳስመታው ከርሜያለሁ። ያውም እንደ ጽድቅ እየቆጠርሁት። ቃሉን ጠብቄያለሁ፤ ይህ እውነት ነው። ቃሉ ግን የተነገረኝ እንድድን አልነበረምን?

መጋቢት 15፣ ሰኞ

ዶክተር ሰዳም ጋ ደወልሁ። የቆርቆሮውን ነገር ነገርሁት። «አባቴ፣ ዋናው ምግቡና አለመቋረጡ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲበሉ ይውሰዱት። የተጠራቀመውን ለማካካስ ብለው ግን እንዳይደርቡ» አለኝ።

«ይህን ያኔ ለምን አልነገርኸኝም?»

«እርስዎም አልጠየቁኝም፤ እኔም ይጾማሉ ወይ ብዬ አልጠየቅኩም።»

ጥፋቱን ከእኔ ጋር መካፈሉ የጨዋ ልጅ ያሰኘዋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽሮ በላሁ፤ ክኒኔን ዋጥሁ። ለአምለሰት ደውዬ «ዋጥሁ» አልኋት። እርሷም «እሺ አባዬ» አለች፤ ስልኩን ግን ሁለታችንም ቶሎ አልዘጋነውም።

ሚያዝያ 6፣ ሰኞ

ሰሙነ ሕማማት ገባ። ከልጅነቴ ጀምሮ ከዓርብ እስከ ትንሣኤ ሌሊት አክፍያለሁ፤ እህልም ውሃም ሳልቀምስ። ዘንድሮስ? አሁንስ ጠየቅሁ። የንስሐ አባቴን።

«አክፍሎት ማን አዘዘህ?» አሉኝ።

«ማንም አባቴ፤ ከልጅነቴ…»

«ትሩፋት ነው። ትሩፋትህን ለማን ነው የምታቀርበው? ለአምላክ ነው ወይስ ለገላው?»

ከገላው ጋር ማን ጸንቶ ያነጋል እየተባባልን መኖራችንን ማን ነገራቸው? ብላ አሉኝ፤ በቃ።

ሚያዝያ 11፣ ቀዳም ሥዑር

ትናንት ስግደቱን አቅሜ እንደፈቀደ ሰገድሁ። ማታ ጥቂት ቀምሼ ክኒኔን ዋጥሁ።

ዛሬ ግን ከበደኝ። ቄጤማው ጭንቅላቴ ላይ ታስሮ፣ ከጸሎተ ሐሙስ የተረፈ ጉልባን ይዤ ለብቻዬ ተቀመጥሁ። በዚህ ቀን እህል በአፌ ገብቶ አያውቅም። ባቄላው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ጾም ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ይበረታብኝ ነበር? ከጾሙ ይልቅ መብላቱ ትሕትና ጠየቀኝ…

ውሃ ጠጣሁ። ወረደ።

ሚያዝያ 12፣ ትንሣኤ

ሌሊት ከበሮው ተመታ። ቆሜ ሰማሁት።

ገላው «አከፈልህ?» አለኝ። «በላሁ» አልሁት። አላመነኝም።

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

ትናንት ሐኪም ቤት ነበርን። የበሽታው መጠን ከነቢያት ጾም በፊት ከነበረውም በታች ወርዷል። ያ እንደልብ የማይገኘው መድኃኒት አያስፈልግም። ዶክተር ሰዳም «ከበሮው እየራቀ ነው» አለ፤ ምሳሌውን ከማን እንደተማረ አላጣሁትም።

ስንመለስ አምለሰትን፣ «ያ ኢንዛይም እጁ ሲያዝ ምን ይመስላል?» አልኋት። ታክሲ ውስጥ በእስክሪብቶ መዳፏ ላይ ሣለችልኝ። ብዙም አልገባኝም። እንደገና ጠየቅሁ። እንደገና ሣለች።

ዛሬ የሐዋርያት ጾም ሦስተኛ ቀኑ ነው። ዳገቱን ሳላርፍ ወጣሁ ብል ውሸት ይሆናል፤ አንድ ጊዜ አረፍሁ። ቅዳሴ ሲያልቅ ከገላው ጋር ባሕር ዛፉ ሥር ተቀመጥን። ዳቦና ክኒኔን ከኪሴ አወጣሁ።

«በጾም፣ በሰው ፊት፣ በደጀ ሰላም ክኒን! መሪጌታ ዘመነ በሉኝ!»

«ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። አንተስ የግፊትህን ክኒን መቼ ነው የምትወስደው?»

«ጠዋት ነዋ። ሐኪሙ ጠዋት ነው ያለኝ።»

«ዛሬ ጠዋት ወሰድህ?»

መቋሚያውን በአውራ ጣቱ ያሸው ጀመር።

ዳቦውን ለሁለት ቆርሼ እኩሌታውን ሰጠሁት። «ነገ ሐኪምህ ዘንድ አብረን እንሄዳለን።»

«ሄደን ምን ልንል?»

«ልንጠይቅ።»